ልጆቻችንና ጋዜጣ

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለ ጋዜጣና ስለ ልጆች ነው። ጋዜጣ የአዋቂ ጉዳይ ነው፤ ልጅን ከእርሱ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችንም ከእንዲህ ያለው ሰው ጎን ይቆማል። ነገር ግን የአገራችንን የጋዜጣ ታሪክ መለስ ብለን ብንመረምር፣ እምብዛም ያልተነገረለት አንድ ነገር እናገኛለን። ይኸውም ጋዜጣ ወደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የገባው በልጅ አፍ መሆኑ ነው። አባት ፊደል ባልቈጠረበት፣ እናት ስሟን መጻፍ ባልቻለችበት ቤት፣ የመንግሥቱን ዐዋጅና የሩቁን አገር ወሬ ለቤተ ሰቡ ያነበበው ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጅ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ልጅን ከጋዜጣ ጋር እናስተዋውቀው ወይስ ይቅር የሚል አይደለም፤ ትውውቁ ዘመን ቈጥሯል። ጥያቄው ምን ዐይነት ትውውቅ ይሁን የሚል ነው።

ታሪኩን ከመነሻው እንያዘው። ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የወሬ መንገድ ዐዋጅ ነበረ። ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዐዋጅ ነጋሪው ከገበያው መካከል ቆሞ የንጉሡን ቃል ይናገራል፤ የሰማው ላልሰማው ያሰማል። በዚያን ጊዜ ልጅም ሽማግሌም እኩል ሰሚዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ የሰሙት ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር መልኩን መለወጡ አይቀርም። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለውም ስለዚሁ ነው።

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ፣ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር የተባሉ ከኤርትራ የመጡ ምሁር ምክርና ተግሣጽ ያለበትን ጽሑፍ በእጃቸው እየጻፉ ለሰው ያድሉ ነበር። በዚያው ዘመን ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ በዐማርኛ የሚወጣ ጋዜጣ ጀመረ። ስሙን «አእምሮ» ብለው የሰየሙት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንደ ሆኑ ይነገራል። በመጀመሪያ በእጅ እየተገለበጠ የሚወጣው 24 ቅጂ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚደርሰውም ለቤተ መንግሥቱ ሰዎችና ለመኳንንቱ ነበር። ከዚህ የተነሣ የዚያን ጊዜ ልጅ ጋዜጣ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ጋዜጣና ልጅ ሊገናኙ የቻሉት ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት ጐን ለጐን በቆሙ ጊዜ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ተከፈተ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያም ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ አራት ወር ሳይሞላም በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመረቀ። አንዱ የሚነበበውን፣ ሌላው የሚያነበውን አዘጋጀ ማለት ነው። ሁለቱም የተነሡት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ ነበረና፣ በአንድ ዓመት መዋላቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይመስለኝም። አንባቢ የሌለው ጋዜጣ ድምፅ የማይሰማ ደወል ነው፤ የሚያነበው ያጣ ተማሪም የተማረውን ይረሳል።

ብርሃንና ሰላም ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ባርነት መወገድ ብዙ የተጻፈበት ጋዜጣ ነው። እንደ ደሬሳ አመንቴ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ከወለጋ ድረስ ሐሳባቸውን እየጻፉ ልከውበታል። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ጋዜጣው ተቋረጠ፤ ትምህርት ቤቶቹም ለኢትዮጵያ ልጅ ተዘጉ። አብረው የተወለዱት ሁለቱ አብረው ዝም አሉ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ታተመ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚወጣው «ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ» ተከተለ። በእነዚያ ዓመታት ትምህርት ቤት እየበዛ ሄደ፤ የተማሪው ወላጆች ግን አብዛኞቹ ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ የዕድሜ ሥርዐት ተገለበጠ። ሽማግሌው ዐዋቂ፣ ልጁ ግን አንባቢ ሆነ። አባት ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ልጁ ከኩራዙ አጠገብ ቆሞ ጣቱን ከፊደል ወደ ፊደል እያሳለፈ ያነባል፤ ጎረቤት ከበር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ተማሪዎች ታላላቆቻቸውን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምሩ የታየውም የዚሁ ልማድ ማደግ ነው ሊባል ይችላል።

ከዚህም ሌላ ልጅ ጋዜጣን የሚያገኝባቸው ሁለት ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ግድግዳ ነው። በከተማም በገጠርም የጭቃ ቤት ግድግዳ አቧራ እንዳያራግፍና ቤቱ ብሩህ እንዲሆን በአሮጌ ጋዜጣ ይለጠፋል። ለጣፊው የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ጽሑፉን አይደለምና አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይውላል። ከአልጋ ላይ ሆኖ እንቅልፍ የራቀው ልጅም አንገቱን አጣሞ የዐሥር ዓመት ወሬ ያነባል። ሁለተኛው የሱቅ ጥቅል ነው። ስኳሩ፣ ጨውና ቈሎው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ጥቅሉ ሲፈታ ወሬው ከመካከሉ ተቈርጦ ይገኛል፤ «የሚኒስትሩ ንግግር ሲቀጥል» ይልና ከዚያ በኋላ የለም። ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ የተቈረጠ ወሬ መጨረሻ አጥታችሁ በልባችሁ የፈጠራችሁበትን ቀን ታስታውሳላችሁ ብዬ እገምታለሁ። የዛሬውም ነገሬ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። መጨረሻውን ከልብ መፍጠር ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ለሚያዳምጠው ሰው ግን ጨዋታ አይሆንም።

ይህን የምለው ከራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው። ያደግሁት ዛሬ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው በአዲስ አበባ ደቡብ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ፣ ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር ላይ ለሚሄደው መልእክት አባቶቻችን ያወጡት ስም ነው። በስሙ ወሬ የተሸከመ ሰፈር ውስጥ ማደጌን ያስተዋልሁት ግን ራዲዮ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት ዐዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ከፈሉ። እኔ ለንባብ በደረስሁ ጊዜ ጋዜጣ አዟሪ ልጆች በየመንገዱ ይሮጡ ነበር። በአራት ኪሎ ጋዜጣ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ሰው በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልስ ነበር። እኔም በሰፈሬ ፈጣን አንባቢ በመባል እመሰገን ነበርና፣ ምስጋናው ሳይጐዳኝ አልቀረም።

ዐሥር ዓመት ያህል በሆነኝ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ብሎ የሚጠራቸው አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ከነጠላቸው ጫፍ የታሰረ ጋዜጣ ፈትተው ወደ ቤታችን መጡ። ሟች ባላቸው ትተውት ባለፉት ቤት የተነሣ ዘመድ ከሷቸው ኖሮ፣ አድራሻቸው አልታወቀም ተብሎ መጥሪያው በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። አንድ የሚያውቃቸው ሰው ስማቸውን አይቶ ጋዜጣውን ሰጣቸው። አባቴ በሥራ ምክንያት ክፍለ አገር ሄዶ ነበርና፣ «ልጄ፣ እስቲ አንተ አንብብልኝ» አሉኝ።

የከሳሹን ስም አነበብሁ፤ የእርሳቸውን ስም ጮኽ ብዬ አነበብሁ፤ የፍርድ ቤቱን ስም አነበብሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ግን ወረቀቱ ከታጠፈበት ላይ ስለ ዋሉ ቀለማቸው ደብዝዞ ነበር። ዐይኔን አጥብቤ ባይ ይነበቡ ነበር። ነገር ግን ከውጭ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ስሜን ይጠሩኛል፤ ደግሞም ፈጣን አንባቢ ሲንተባተብ መታየቱ ዐሳፈረኝ። «እዚህ ላይ ያልቃል፣ እማማ» አልሁ። እርሳቸውም «እንግዲያው ሲፈልጉኝ ይጠሩኛል» ብለው ጋዜጣውን መልሰው ቋጥረው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

እነዚያ ሁለት መስመሮች የቀጠሮውን ቀን፣ ባይቀርቡ ግን ነገሩ በሌሉበት ታይቶ ውሳኔ የሚሰጥ መሆኑን የሚናገሩ ነበሩ። እንደተባለውም ተፈረደባቸው። አባቴ ሲመለስ ጋዜጣውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አነበበው። አልመታኝም፤ አልተቈጣኝምም። ዝም ብሎ አየኝና ኮቱን ለብሶ ከእማማ ጋር ወጣ። በሌሉበት የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሣ ማመልከቻ ገባ፤ ውሳኔውም ተነሣ፤ ቤታቸውም በመጨረሻ ቀረላቸው። ሆኖም እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓመት ተመላለሱ፤ ከእናታቸው የወረሱትን የብር ጌጥ ለጠበቃና ለመጓጓዣ ሸጡ። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ለሰው የሚናገሩት ቃል ነው። «ልጄማ የተጻፈውን አነበበልኝ፤ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው» ይሉ ነበር። የተጻፈውን እንዳላነበብሁላቸው ሳልነግራቸው ዐረፉ።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ የተማርሁት ልጅ ጋዜጣ አያንብብ የሚል አይደለም። ያ ልጅ ማንበብ ይችል ነበር፤ ፊደሉን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ያልተማረው ሌላ ነገር ነው። «ይህን አልቻልሁም» ማለት ነውር እንዳልሆነ የነገረው ሰው አልነበረም። የታተመ ቃል ከኋላው ሰው እንዳለ፣ ቀን እንዳለው፣ ቤትና ንብረትም ሊያድን ወይም ሊያጠፋ እንደሚችል አልገባውም ነበር። ፊደልን ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ይህን ግን ማን ያስተምር?

ሌሎች አገሮች በዚህ ነገር ምን እንዳደረጉ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር አርተር ሚ የተባለ ጸሓፊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1919 የልጆች ጋዜጣ ጀምሮ፣ ጋዜጣው እስከ 1965 ድረስ ዘልቋል። በፈረንሳይ አገር ሴለስተን ፍሬኔ የተባለ የገጠር መምህር በ1924 ትንሽ ማተሚያ ከክፍሉ ውስጥ አስገብቶ፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ሐሳብ ራሳቸው ፊደል እየለቀሙ እንዲያትሙ አደረገ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የዋርሶው ነው። ያኑሽ ኮርቻክ የተባለ ሐኪምና የሙት ልጆች አሳዳጊ በ1926 «ትንሹ ግምገማ» የሚል ትርጕም ያለው ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ። የሚጽፉበት ልጆች ራሳቸው ነበሩ። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ በመንገድ ላይ ስለ ደረሰባቸው በደል እየጻፉ ይልኩ ነበር። ጋዜጣው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው የጀርመን ጦር ፖላንድን በወረረበት በመስከረም 1939 ነው። ኮርቻክም በ1942 ከሚያሳድጋቸው ልጆች አልለይም ብሎ አብሯቸው ወደ ትሬብሊንካ ሄዶ ተገደለ። የኛው ብርሃንና ሰላም እርሱ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ተነሥቶ፣ ሦስት ዓመት ያህል ቀድሞ በወራሪ እጅ ጠፍቷል። ወራሪ ኃይል ከሚቸኵልባቸው ነገሮች አንዱ የሰውን አፍና የልጅን ጥያቄ መዝጋት እንደ ሆነ ከሁለቱም ታሪክ እንረዳለን።

ወደ አገራችን እንመለስና፣ የልጅን ጥያቄ በጋዜጣ ገጽ ላይ ካከበሩት ሰዎች መካከል ጳውሎስ ኞኞን ማንሣት ይገባል። ጳውሎስ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነበር። ይሁን እንጂ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ፣ ከየአገሩ ለሚጻፍለት ጥያቄ ሁሉ መልስ ይሰጥ ነበር። ጥያቄው ትልቅም ይሁን ተራ፣ አስቂኝም ይሁን አሳዛኝ፣ አይንቀውም። ጳውሎስ በ1984 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ዓምዱ ግን በብዙ ቤት ውስጥ ሲታወስ ይኖራል። ያ ዓምድ የተወደደበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። ልጅ በተፈጥሮው ጋዜጠኛ ነው፤ ማን? ለምን? እንዴት? እያለ ይጠይቃል። እኛ ነን «ዝም በል፣ ይህ የልጅ ነገር አይደለም» እያልን ጋዜጠኛውን ቀስ በቀስ ከውስጡ የምናወጣው። ጳውሎስ ግን የጠየቀው ሁሉ መልስ እንዲያገኝ ፈቀደ።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ግድግዳችን በቀለም ይቀባል፤ ስኳር በላስቲክ ይመጣል፤ ጋዜጣ አዟሪም እንደ ቀድሞው በየመንገዱ አይበዛም። ልጁ ወሬ የሚያገኘው ከስልክ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚመጣው ወሬ ብዙውን ጊዜ የጸሓፊ ስም፣ ቀንና ቦታ የለውም። እንደዚያ እንደ ቈሎ ጥቅል ከመካከሉ የተቈረጠ ነው። ልዩነቱ፣ የቈሎው ወረቀት መቈረጡ ለዐይን ይታያል፤ የስልኩ ወሬ ግን ሙሉ መስሎ መምጣቱ ነው። ስለዚህ ልጅን በሥርዐት ከተዘጋጀ ጋዜጣ ጋር ማስተዋወቅ ከዱሮው ይልቅ ዛሬ የሚያስፈልግ ሆኗል።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ይዛችሁት የምትገቡት አንድ ጋዜጣ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ከቡና በኋላ ይሁን፣ ከልጃችሁ ጋር አንድ አጭር ዜና መርጣችሁ አንብቡ። ዜናው ስለ መንገድ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ሩጫ ሊሆን ይችላል፤ የሞትና የደም ወሬ ለሕፃን አይመረጥም። ሲጨርስ ስድስት ነገር ጠይቁት፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ከስድስቱ አንዱ በዜናው ውስጥ ከሌለ «ይህ ጐድሏል» እንዲል አስለምዱት። የጐደለውን ከልቡ እንዲሞላ ግን አትፍቀዱለት። የማይገባው ቃል ሲያጋጥመው ዘልሎ እንዳያልፍ፣ «ይህን አላወቅሁትም» ቢልም እንዳያፍር፣ ይልቁንም እንዲመሰገን አድርጉ። እናንተም የማታውቁትን ቃል ስታገኙ በፊቱ መዝገበ ቃላት ግለጡ፤ አባት ሲጠይቅ ያየ ልጅ መጠየቅ አይፈራም።

ከዚያ ቀጥሎ አንድ ወረቀት ስጡትና የቤቱን ጋዜጣ ራሱ ያዘጋጅ። አያቱ በልጅነታቸው ምን ይጫወቱ እንደ ነበር ይጠይቃቸው፤ ባለ ሱቁን የሽንኵርት ዋጋ ይጠይቅ፤ የጎረቤት ላም መውለዷን ወይም የሰፈሩ ውሃ መቋረጡን ይጻፍ። የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን አይርሳ። ከጋዜጣው ግርጌ ደግሞ «እርማት» የምትል ትንሽ ቦታ ይተው። ባለፈው ሳምንት የሽንኵርቱን ዋጋ አሳስቶ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ከዚያች ቦታ ላይ ያርም። ይህች ትንሽ ቦታ ከሌላው ገጽ ሁሉ የበለጠ ታስተምራለች ብዬ አምናለሁ። እውነትና ንጋት እያደረ ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እውነት ያለ ሰው እጅ ብቻዋን አትጠራም፤ ስሕተቱን ቆርጦ «ይህን አሳስቻለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋታል።

አንዳንዶቻችሁ ልጃችሁ ጋዜጠኛ እንዲሆን አትመኙ ይሆናል፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን ታስቡ ይሆናል። ይሁንላችሁ። ነገር ግን ሐኪሙም የመድኃኒቱን ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ይኖርበታል። መሐንዲሱም ያልለካውን ለካሁ ማለት አይገባውም። እናንተ የመንግሥት ሠራተኞችም በየጠረጴዛችሁ ላይ የሚመጣውን ማመልከቻ የምታነቡት፣ ከወረቀቱ ኋላ ደጅ የሚጠና ሰው እንዳለ እያሰባችሁ መሆን አለበት። እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ ያልገባውን ጠይቆ፣ የተሳሳተውን የሚያርም ሰው በማናቸውም ሥራ ላይ ይፈለጋል። ይህ ልማድ ደግሞ የሚጀመረው በልጅነት ነው።

ንግግሬን የምጨርሰው የራሴን ዕዳ በመክፈል ነው። ጋዜጣ ሲሳሳት እርማት ያወጣል፤ እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሳላርም ቈይቻለሁ። እማማ፣ ጥፋቱ የወረቀቱ አልነበረም። ሁለት መስመር ቀርቶ ነበር፤ ያላነበብሁትም እኔ ነኝ። ይህ በጋዜጣ እንዲወጣልኝ የምፈልገው እርማት ነው።